ስሟን የማልጠራት እህት

የባሌን እህት ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። ባሌን ከገጠር አምጥታ፣ አልብሳና አስተምራ ለወግ ያበቃችው እሷ ናት። በዚያ ላይ በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀች ጸሎተኛ ናት። ስትገባ ብድግ እላለሁ፤ ስትወጣ እስከ ውጭ በር ድረስ እሸኛታለሁ፤ አፌን ስከፍት «እትዬ» ብዬ ነው የምጀምረው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚቆጣኝ የለምና አንቱታዋን ገፍፌያታለሁ። በቀሌን ከዚህ ልጀምር።

እኔ ፈሪ ነኝ። ሊፍት ውስጥ አልገባም። ሚኒባስ ስሳፈር ሹፌሩ ፍሬን ሳይዝ እኔ ወለሉን እረግጣለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እግሩን ሰብስቦ በጎን ያየኛል። የጋዙን ሲሊንደር መዝጋቴን ለማረጋገጥ ከግማሽ መንገድ ወደ ቤት የተመለስኩበት ቀን ስፍር ቁጥር የለውም። አየር ጤና ላይ አስፋልት ለመሻገር የማላውቀውን ሰው እጅጌ ይዤ፣ ማዶ ስደርስ «ይቅርታ፣ ወንድሜን መስለውኝ ነው» ብዬ አውቃለሁ። አላፍርበትም። አንዱ ጨጓራ አለበት፣ ሌላው ስኳር፤ የኔ ደግሞ ይሄ ነው። በዚሁ ፍርሃቴ ቀራንዮ ላይ ቤቴን አስተዳድራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ እሸጣለሁ፣ አንዲት ሴት ልጄንም ሰባት ዓመት አድርሻታለሁ። ልጄ ተደናቅፋ ልትወድቅ ስትል ሁልጊዜም እጄ ቀድሞ እዚያ ነው።

ከባሌ እህት ጋር የተቃቃርነው በጸሎት ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ የቤት ኅብረት አለን። አሥር አሥራ አምስት ሆነን በአንዳችን ሳሎን እንሰበሰባለን፣ እንዘምራለን፣ ቃል እንሰማለን፤ መጨረሻ ላይ መሪያችን «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ስለ ራሱ የሚናገር ሰው እንደፈለገ ይናገራል። ስለ ሌላ ሰው ከሆነ ግን ወጉ ይታወቃል፤ «አንዲት እህት አለችን፣ ስሟን አልጠራም» ተብሎ ይጀመራል። የሰው ገመና እንዳይወጣ ተብሎ የመጣ ጨዋነት ነው። ሆኖም ከዚያች አነጋገር በኋላ ማን እንደሆነች ያልታወቀች እህት እስካሁን አልገጠመችኝም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ሰማዩ ጠቆረና ነጎድጓዱ ማጓራት ጀመረ። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ። ልጄን ከክፍል አስወጥቼ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤቴ ይዣት ገባሁ። ዝናቡ ሳይመጣ ቀረ። አስተማሪዋ ለባሌ ደወለች፣ ባሌ ለእህቱ ነገራት፣ እሷ ደግሞ ረቡዕ ዕለት በገዛ ሳሎኗ፣ እዚያው ከጎኔ ተቀምጣ እጇን አነሳች።

«አንዲት እህት አለችን፣ ስሟን አልጠራም» አለች። «የፍርሃት መንፈስ አስሯታል። ነጎድጓድ በሰማች ቁጥር ልጇን ከትምህርት ገበታ እየነጠቀች ትሮጣለች። የእሷስ ይሁን፤ ይሄ ነገር ወደ ልጅቷ እንዳይተላለፍ እንጸልይ።»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ከዚያ ተነስተው ከበቡኝና እጃቸውን ጫኑብኝ። የባሌ እህት ቀኝ እጇን አናቴ ላይ አድርጋ፣ በዚያ ጣሪያ በሚያነቃንቅ ድምጿ «ጌታ ሆይ፣ ሕፃኗን ወደ ሰላም ቤት አምጣት!» አለች። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ፤ ያን ሁሉ እጅ ተሸክሜ ምን እል ነበር? የሰላም ቤት የተባለው የራሷ ቤት መሆኑ የገባኝ ቤታችን ገብተን ባሌ ጫማውን እያወለቀ ሲነግረኝ ነው። ልጄ ከመስከረም ጀምሮ አየር ጤና አክስቷ ዘንድ ልታድር ኖሯል። ትምህርት ቤቱ ለዚያ ይቀርባል ተባለ። እኔን ቅዳሜና እሑድ ልትጠይቀኝ ነው።

«ማን ወሰነ?» አልኩት።

«ተጸልዮበታል እኮ» አለኝ ቀና ሳይል። «አንቺም አሜን ብለሻል።»

በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሰው ፊት ተጸልዮበት አሜን የተባለበትን ጉዳይ በማግስቱ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ማለት ከሰውም ከእግዜርም መጣላት ነው የሚመስለው። አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ እህቱ ፊት ሲቆም ግን አጥንቱ ይቀልጣል። በመጨረሻ ሁለታችንንም ያስታርቃል ያለውን አንድ መላ አመጣ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ኅብረታችን ልጆቹን ይዞ መዝናኛ ፓርክ ሊሄድ ነበርና እህቱን «እዚያ ትታይ» አላት። እሷም «ከልጇ ጋር እንደ ሰው ተጫውታ ከዋለች ነገሩን እተወዋለሁ» አለች። ከፈራሁ ልጄ ትሄዳለች፣ ካልፈራሁ ትቀራለች ማለት ነው። እኔን አለመፍራት መጠየቅ ዓሣን ደረቅ ላይ ዋኚ እንደ ማለት መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በኮንትራት የያዝነው ኮስትር አየር ጤና ላይ ሰብስቦን ወጣ። ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ጄሪካን ውኃ ይዘናል። ልጆቹ ይዘምራሉ። እኔ ወለሉን እየረገጥኩ፣ ልጄን አቅፌ፣ የባሌን እህት ማጅራት ከኋላ አያለሁ። ሐምራዊ ሻሿን ስትጠመጥም ያደረች ነው የምትመስለው፤ አንዲት ፀጉር አላፈነገጠችም። በሰላም ሄጄ በሰላም ልመለስ ብዬ መጸለይ ሲገባኝ፣ ያ ሻሽ እንዲፈታ ጸለይኩ።

ፓርኩ ከከተማው ዳር የተከፈተ ሰፊ ግቢ ነው። ገና ከበሩ ስንገባ የልጄን እጅ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ሙዚቃው ከአራት ማዕዘን ይጮኻል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ሰው ከላይም ከታችም እሪ ይላል። ሌሎቹ ያንን ጩኸት ሰምተው ደስ አላቸው። እኔ እግሬ አውጪኝ ማለት ነበር ያማረኝ። ልጄን አየኋት፤ ዓይኗ በርቷል። ጥርሴን ነክሼ ገባሁ።

መጀመሪያ የሚሽከረከሩት የፕላስቲክ ፈረሶች ላይ ወጣን። እሷ ተቀመጠች፤ እኔ ወገቧን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ማዞሩ ሳያንስ፣ በዞርን ቁጥር የባሌ እህት ፊት እየመጣ ያልፋል። እጆቿን አጣምራ ቆማ ታየኛለች፣ ከዚያ ወደ ባሌ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ትለዋለች። የምትለውን አልሰማም፣ ግን ከንፈሯን አነባለሁ። «አየህ?» ነው የምትለው። በእያንዳንዱ ዙር «አየህ?»

ከዚያ የሚጋጩት ትንንሽ መኪኖች ጋ ሄድን። ልጄ መሪውን ያዘች፣ እኔ ጎኗ ተጨናንቄ ገባሁ። አንድ ጎረምሳ ከኋላ መጥቶ ሲገጨን የወጣኝ ጩኸት ከሙዚቃው በላይ ተሰማ። ልጄ ግን በሳቅ ፈረሰች። «እማዬ፣ ድጋሚ! ድጋሚ እንገጭ!» እያለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም እየጮኽኩ መሳቅ ጀመርኩ፤ እውነት ለመናገር በሕይወቴ ፈርቼ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ይህን ጊዜ የባሌ እህት ከአጥሩ ማዶ ሆና፣ ኅብረቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ «ልጅቷ ትነዳለች፣ እናትየው እሪ ትላለች! ማን ማንን እያሳደገ እንደሆነ ታዘቡልኝ!» አለች። ሰዎቹ ሳቁ። ባሌም ፈገግ አለ። ልጄ አክስቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ሳቋንም አቆመች።

የፈለገችውን ብትለኝ እችል ነበር። የልጄን ሳቅ ስታስቆም ግን ውስጤ የነበረው ፍርሃት ቦታውን ለሌላ ነገር ለቀቀ። ከመኪናዋ ማንንም ሳልደገፍ ወረድኩ። ይህችን ሴት ዛሬ አንድ ነገር ሳላደርጋት ወደ ቀራንዮ አልመለስም አልኩ በልቤ።

የፓርኩ ትልቁ ጨዋታ መርከቧ ነበረች። ሁለት ወፋፍራም የብረት እግሮች መሐል የተንጠለጠለች፣ ቀይና ቢጫ የተቀባች ረጅም ጀልባ ናት፤ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እየተወዛወዘች ከፍ፣ ከፍ እያለች ትሄዳለች። ከገባን ጀምሮ ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። ፈሪ ሰው የሚያስፈራውን ነገር ከማንም በላይ ያጠናል። መሐሏ ላይ የሚቀመጡት ብዙም እንደማይንገላቱ፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉት ግን መቀመጫቸውን ለቀው ብድግ እንደሚሉ አይቻለሁ። አንቀሳቃሹ ሪዛም ሰውዬ ነው፤ በማይክ እየቀለደ መጨረሻ ላይ «ይደገም?» ይላል። ጩኸቱ ከበረታ ይደግማል። ካልጮኹ ያቆማል። ይህን ሁሉ ያጠናሁት እንዴት አድርጌ ከመርከቧ እንደምርቅ ለማወቅ ነበር።

ልጄ መርከቧን አይታ «እሷ ላይ እንውጣ» አለች። አፌን ሳልከፍት የባሌ እህት እጇን ያዘቻት።

«እኔ ይዣት እወጣለሁ» አለች ለሁሉም እንዲሰማ። «እናቷ ታች ሆና ትመልከት።»

ሁላችንም ተከትለናት እስከ መግቢያው ሄድን። መግቢያው ላይ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ቆሟል፤ ቁመቱ ምልክቱ ጋ ያልደረሰ ልጅ አይገባም። ሪዛሙ ሰውዬ ልጄን አስጠግቶ ለካትና ራሱን ነቀነቀ። «አልደረሰችም፣ እናቴ። እርስዎ ብቻ መግባት ይችላሉ።»

የባሌ እህት «በቃ እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» አለች። ይህን ስትል ከደረቷ አንድ ትንፋሽ ወጣ፤ ትከሻዋ ዝቅ አለ። ማንም ልብ አላላትም። እኔ ግን ያቺን ትንፋሽ አውቃታለሁ። ሊፍቱ በር ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ የምተነፍሳት ትንፋሽ ናት። እውነት እልሃለሁ አንባቢዬ፣ ያቺን ቅጽበት በወርቅ አልለውጣትም። ያቺ ጣሪያ የምታነቃንቅ ሴትዮ ከእኔ እኩል፣ ምናልባትም ከእኔ በላይ ትፈራለች። ልዩነታችን እኔ ፍርሃቴን በአደባባይ ይዤው መዞሬ፣ እሷ ደግሞ የእሷን በእኔ ላይ ደርባ መኖሯ ነው።

ፊቷን አዙራ መሄድ ስትጀምር መንገዷን ዘጋሁባት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በትሕትና ተናግሬ አላውቅም።

«እትዬ» አልኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «እባክዎ እርስዎ ይውጡልን። እርስዎን ካየሁ እኔም እበረታለሁ። የኔ ፍርሃት የሚለቀው እርስዎን ሳይ ነው።»

ሻሿን ነካ ነካ አደረገች። ሰዎቹ ግን ፋታ አልሰጧትም። «ተባረኪ! እውነቷን ነው! አሳዪያት እህታችን፣ አሳዪያት ድፍረቱን!» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። መሪያችን፣ ጡረታ የወጡ የዋህ ሽማግሌ፣ «ይሄማ ትምህርት ነው» አሉ። ባሌ በኩራት እህቱን አያት። እምቢ ማለት የምትችልበት አንድም ቀዳዳ አልነበራትም። ወደ ኋላ ዞር ብላ ስታየኝ ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ልመና ነበር። እኔ ደግሞ ክንዷን ደግፌ እስከ ደረጃው ሸኘኋት፤ መሸኘት ለምዶብኛል። ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ ምክርም ጨመርኩላት። «ጫፉ ላይ ይቀመጡ እትዬ። ነፋሻ ነው።»

ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ብረቱ ጭኗ ላይ ሲዘጋ ሰማሁ።

መርከቧ መጀመሪያ በቀስታ ወዝወዝ አለች። የባሌ እህት ፈገግታዋን እንደያዘች ወደ እኛ አየች። ሁለተኛው ላይ ፈገግታው ፊቷ ላይ ደረቀ። አራተኛው ላይ ጫፉ ወደ ሰማይ ወጣና እሷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት ግቢውን ሁሉ ሞላው።

«ኢየሱስ!»

«አሜን!» አሉ ከታች የኛ ሰዎች በአንድ ድምፅ።

እዚህ ላይ የተፈጠረውን ስህተት የኛ ሰዎች ብቻ ናቸው ሊሳሳቱት የሚችሉት። የባሌ እህት በጸሎት ስትበረታ ድምጿ እንደዚያው ነው የሚሆነው። ጌታን እየጠራች ትጮኻለች፣ ላቧ ይወርዳል፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ መጨረሻ ላይ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች። ሁላችንም ለዓመታት ያየነው ይህንን ነው። አሁንም እየጮኸች፣ እያላባትና እየተንቀጠቀጠች ነበር። «ኢየሱስ! ድረስልኝ! ጌታዬ!» ባለች ቁጥር ከታች «አሜን! ሃሌሉያ!» ይመለስላታል። አንዲት የመዘምራን ልጅ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። ጭብጨባው ወደ ዝማሬ ተለወጠ። ከዚያ የባሌ እህት አቁሙልኝ ለማለት ቀኝ እጇን አነሳች። የኛ ሰዎች በሙሉ፣ ባሌ ጭምር፣ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ተቀበሏት።

ያ በሥነ ሥርዓት የተጠመጠመ ሻሽ ተፈታ። ነፋሱ ወስዶ አጥሩ ላይ አንጠለጠለው። ቀጥሎ አንድ ጫማዋ ወልቆ እግሬ ሥር ወደቀ። አንስቼ ያዝኩት። ገና ይሞቃል።

መርከቧ ቀዝቀዝ ስትል ሪዛሙ ሰውዬ በማይክ «እንዴት ነው ጎበዝ? ይደገም?» አለ። የኛ ሰዎች እየዘመሩ ስለነበር ወዲያው አልመለሱለትም። አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ጫማውን እጄ ላይ አየና ማይኩን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«የእርስዎ ሰው ናቸው? ላውርዳቸው እንዴ?»

ቀና ብዬ አየኋት። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ዓይኗ የሚፈልገው እኔን ነበር። ጸሎት እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ መሆኔን እሷም አውቃለች። አንድ ቃል ብናገር ትወርዳለች። በአእምሮዬ የመጣልኝ ግን ልጄ ሳቋን ያቆመችበት ፊት ነበር።

«ይደገም» አልኩ።

የኛ ሰዎች ሰምተው «ይደገም! ይደገም!» እያሉ ተቀበሉኝ። መርከቧ እንደገና ሰማይ ስትነካ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስትወርድ ሁሉም እያቀፏት «ተባረክሽ! እንዴት ያለ ክብር ነው!» አሏት። መናገር አልቻለችም፤ ይህንንም መንፈሳዊ ዝምታ አደረጉላት። ወደ እኔ መጣችና ክንዴን ጨመደደችኝ። «ያዢኝ» አለች። ያዝኳት። ከአንድ ጁስ ቤት ጀርባ ወሰድኳት፤ የጠዋቱን ሁሉ አስመለሰች፣ እኔም ከአጥሩ ያነሳሁትን ሻሿን ይዤ ቆምኩላት። ጫማዋን አጎንብሼ አደረግሁላት። አፏን ከጠረገች በኋላ ያለችኝ አንድ ነገር ነው።

«ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«ምኑን እትዬ?» አልኳት።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ እኔም ይበቃኝ ነበር። ዕዳችን ተወራረደ፣ ልጄንም ትተውልኛለች ብዬ አስቤ ነበር። ስንመለስ ግን የባሌ እህት ፊቷን ታጥባ፣ ሻሿን እንደገና ጠምጥማ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። ምን እንደተሰማት ጠየቋት። ዓይኗን በጨው አጥባ ጀመረች።

«እዚያ ላይ ሆኜ ጌታ ሲናገረኝ ነበር» አለች።

«ምን አለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አትፍሪ አለኝ። ስለ ሕፃኗም ተናገረኝ። ይዘሻት ግቢ፣ አታዘግዪ አለኝ።»

ኮስትሩ በአሜን ተሞላ። ባሌ አሜን ሲል ሰማሁት። ልጄ ጭኔ ላይ ነበረች፤ የቀሚሴን ቁልፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ታሽከረክራለች። ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ጆሮዬ ተንጠራርታ «እማዬ፣ አክስቴ ጋ ማታ መብራት ያጠፋሉ?» አለችኝ። ጠበቅ አድርጌ አቀፍኳት። ያን ቀን ከአየር ጤና እስከ ቀራንዮ ስንሄድ ወለሉን አንድ ጊዜም አልረገጥኩም፤ መንገዱንም አላየሁትም።

የተቀረጸው ቪዲዮ በማግስቱ የኅብረታችን ቴሌግራም ላይ «ክብር ለጌታ» ተብሎ ተለጠፈ። ስፌቴን ትቼ አየሁት፣ እየሰፋሁም አየሁት። እጇን የምታነሳበት ቦታ ላይ አቆመዋለሁ፣ ወደ ኋላ መልሼ እንደገና አስጀምረዋለሁ። ባሌ «ምንድን ነው እሱ?» ሲለኝ «መዝሙር ነው» አልኩት።

ረቡዕ ኅብረቱ እሷ ቤት ነበር። ቀደም ብዬ ስደርስ «ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብላ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ጠባብ አልጋ ተዘርግቷል፤ አበባ ያለበት አዲስ አንሶላ ለብሷል። ግድግዳው ላይ የልጄን ዩኒፎርም የምትሰቅልበት ምስማር ሁሉ ተመትቷል። ዩኒፎርሙን የሰፋሁት እኔ ነኝ። «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ጥሩ ነው እትዬ» አልኩና ሳሎን ገብቼ ተቀመጥኩ።

ተዘመረ፣ ቃል ተሰማ፤ እሷም ተነስታ ስለ መርከቧ መሰከረች። ከቅዳሜው ብዙ ያማረ ነበር፤ መላእክትም ገብተውበታል። መሪያችን እንባቸውን ጠርገው «የጸሎት ርዕስ ያለው?» አሉ። እጄን አነሳሁ። በዚያ ኅብረት እጄን ሳነሳ የመጀመሪያዬ ነው።

«አንዲት እህት አለችን፣ ስሟን አልጠራም» አልኩ።

የባሌ እህት መጽሐፍ ቅዱሷን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«ይህቺን እህት የፍርሃት መንፈስ አስሯታል» አልኩ። «በቅርቡ አንድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆና…»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እሷን ሳይሆን እኔን። ለእነሱ የምትፈራ እህት አንዲት ብቻ ናት። ሽማግሌው በርኅራኄ «አይዞሽ ልጄ፣ በራስ ላይ መናገር ትልቅ ድፍረት ነው። ይበቃል፣ ገብቶናል» አሉኝና ተነሱ። ሌሎቹም ተነሱ። «እኔ አይደለሁም!» ብዬ ልጮኽ አፌን ስከፍት እጆቻቸው ትከሻዬና ጀርባዬ ላይ አርፈው ነበር። በቀሌ በገዛ እጄ ተመልሶ እኔው ላይ ወደቀ።

ከዚያ መሪያችን የቤቱን ባለቤት ጠሩ። «ነይ እህቴ፣ አንቺ ጸልዪላት» አሏት። የባሌ እህት መጥታ እንደ ሰኔው ቀን ቀኝ እጇን አናቴ ላይ አደረገች።

እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዓይኔን ገልጬ አየኋት። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተያየነው ሁለታችን ብቻ ነን። ፊቷ መርከቧ ላይ ያየሁት ፊት ነው። ጎንበስ ስትል፣ እሷ ብቻ እንድትሰማኝ አድርጌ አልኳት፦

«ልጨርሰው እትዬ፣ ወይስ እርስዎ ይጨርሱልኛል?»

ያቺ ጸሎቷ የማያልቅባት ሴት ለረጅም ጊዜ ቃል አጣች። በመጨረሻ በቀጭን ድምፅ ጀመረች።

«ጌታ ሆይ… ሕፃኗን ከእናቷ ጉያ አታውጣት። በቤቷ… በእናቷ ቤት ትደር።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም። ከመሐላቸው የባሌን ድምፅ ለየሁት። ተጸልዮበታል፤ እሱም አሜን ብሎበታል። ልጄ ከሳሎኑ ጥግ ከሌሎች ልጆች ጋር ሆና ወደ እኔ ታያለች፤ እንደሰማች ከዓይኗ አወቅሁ።

ሰዎቹ ዓይናቸውን መግለጥ ሲጀምሩ እኔ ገና አሜን አላልኩም ነበር። ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ አናቴ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ እኔ ካላልኩ ማንሳት አትችልም። ጥቂት አስጠበቅኋት። ከዚያ ቀና ብዬ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ተናገርኩ።

«ይደገም።»